ከመሬት ወደ ላይ፦ የተራራ ብስክሌት ክፍሎችና የጫማ አመራረጥ

መግቢያ

የተራራ ብስክሌት ሊገዛ ወይም ያለውን ሊያሻሽል የተነሣ ሰው ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው ከሩቅ በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ በአካሉ ቅርጽ፣ በቀለሙ፣ በክብደቱና «ስንት ማርሽ አለው?» በሚለው ጥያቄ ላይ። ሻጩም አስቀድሞ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ላይ ብስክሌተኛውን ከመውደቅ የሚጠብቀው የአካሉ ቀለምም ሆነ የማርሹ ብዛት አይደለም። የሚጠብቁት መሬት የሚነኩት ሁለት ጎማዎች፣ ጣት የሚያርፍባቸው ሁለት የፍሬን መያዣዎችና ፔዳል የሚረግጡት ሁለት የጫማ ሶሎች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የብስክሌት ክፍሎችን ለመምረጥ የሚያገለግል አንድ መመዘኛ ያቀርባል፤ እርሱም ምርጫው ከንክኪ ቦታዎች ይጀምር የሚል ነው። ብስክሌቱ መሬትን፣ ሰው ደግሞ ብስክሌቱን የሚነካባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የጉዞው ጥራትና ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚሁ ቦታዎች ሲሆን፣ አነስተኛ ገንዘብ ከፍተኛ ለውጥ የሚያመጣውም በእነርሱ ላይ ሲውል ነው። መመዘኛው በተለይ የሚጠቅመው የገንዘብ አቅሙ ውስን ለሆነና መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት ስፍራ ለሚኖር ብስክሌተኛ ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረው

የተራራ ብስክሌት የተወለደው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በቁልቁለት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በማሪን አውራጃ የሚኖሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌና ከባድ ብስክሌቶች እየጠገኑ በአፈር መንገድ ቁልቁል መንዳት ጀመሩ። ከ1976 ጀምሮም በፌርፋክስ ከተማ አቅራቢያ ውድድር ያካሂዱ ነበር። የውድድሩ ቁልቁለት ከጊዜ በኋላ «ሪፓክ» የሚል ስም ወጣለት። የስሙ መነሻ የፍሬን ችግር ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ብስክሌቶች ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ፣ በኋላ እግር መሐል ውስጥ የተቀበረ ፍሬን ነበራቸው። ከአንድ ቁልቁለት በኋላ በውስጡ ያለው ግራሶ በሙቀት ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር ተፈትቶ እንደገና መሞላት ነበረበት። በእንግሊዝኛ ይህ እንደገና የመሙላት ሥራ የሚጠራበት ቃል ለመንገዱ ስም ሆነ።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ጆ ብሪዝ፣ ጌሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ቶም ሪቺ በኋላ የኢንዱስትሪው መሥራቾች ተብለው ይታወቃሉ። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ አገልግሎት ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያ ብስክሌቱን አወጣ፤ በ1981 ደግሞ በፋብሪካ በብዛት የተመረተው የተራራ ብስክሌት ለገበያ ቀረበ። በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ስፖርቱ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ሆነ። ከዚህ አጭር ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያስቸገሯቸው ጎማ፣ ፍሬንና ዳገት የሚያወጣ ማርሽ ነበሩ። ክብደትን በግራም መቁጠር የመጣው እነዚህ ከተፈቱ በኋላ ነው። የዛሬው ገዢ ግን ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይጀምራል።

ጎማና የአየር ግፊት

አንድ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጧል እንበል። ጠቅላላው ክብደት 90 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ 55 በመቶ ያህሉ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። በጎማው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1.7 ባር (25 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ) ቢሆን፣ ክብደቱን ለግፊቱ በማካፈል እንደሚገኘው፣ መሬት የሚነካው የጎማ ስፋት ወደ 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህ ከአንድ አዋቂ ሰው መዳፍ ግማሽ ያነሰ ነው። ግፊቱ ወደ 3 ባር ከፍ ቢል ስፋቱ ወደ 16 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የጎማው ግድግዳ ጥንካሬም የራሱ ድርሻ ስላለው ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል። ምንም ገንዘብ ሳይወጣ አየር በመቀነስ ብቻ የጎማው መሬት የመያዝ አቅም በእጅጉ ሊጨምር ይችላል።

«ጎማ በደንብ ሲወጠር ይፈጥናል» የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ የሚሠራው ለስላሳ አስፋልት ላይ ነው። በድንጋይና በኮረብታማ ሣር ላይ የጠነከረ ጎማ በእያንዳንዱ እብጠት ላይ ብስክሌቱንና ሰውየውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበትም በመንጠር ይባክናል። ለስለስ ያለ ጎማ ግን እብጠቱን ውጦ ያልፋል። ግፊቱ ከልክ በላይ ከወረደ ደግሞ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፤ የውስጥ ጎማውም በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ በሁለት ቦታ ይበሳል። ስለዚህ ተገቢው ግፊት በእነዚህ ሁለት ጉዳቶች መካከል የሚገኝ ነው።

ከላይ ለተጠቀሰው ክብደትና 2.3 ኢንች ስፋት ላለው ጎማ፣ የውስጥ ጎማ ካለው ከ28 እስከ 32፣ የውስጥ ጎማ ከሌለው ከ22 እስከ 26 ፒ.ኤስ.አይ. ለመነሻነት ተስማሚ ነው። የፊቱ ከኋላው በ2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ቢያንስ ይመረጣል። ከዚያ በሚታወቅ አንድ መንገድ ላይ እየነዱ ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ፣ ቸርኬው ድንጋይ መንካት ሲጀምርም 2 ፒ.ኤስ.አይ. መልሶ መጨመር ያስፈልጋል። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት በዚህ ደረጃ ያለውን ልዩነት ስለማይለይ፣ ግፊት መለኪያ ያለው የጎማ መንፊያ ከመጀመሪያዎቹ ግዢዎች አንዱ ሊሆን ይገባል።

የውስጥ ጎማ የሌለው አሠራር በተራራ ብስክሌት ላይ መደበኛ መለኪያ ያገኘው በ1999 ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ባቀረበው ሥርዓት ነው። በጎማው ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ላቴክስ እሾህ የበሳውን ቀዳዳ ወዲያውኑ ይደፍናል። ግራርና ሌላ እሾሃማ ዛፍ በበዛበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ፈሳሹ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፤ ምትክ በአቅራቢያ የማይገኝ ከሆነ ወፍራም የውስጥ ጎማና የመጠገኛ ልጥፍ ይዞ መጓዝ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ብስክሌተኛው ሚዛኑን ሊመልስ ይችላል፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ግን ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ መውደቅ ነው። ስለዚህ ለፊት ለስላሳ ላስቲክና ጉልህ ጥርስ ያለው፣ ለኋላ ደግሞ ጠንከር ያለ ላስቲክና ቀለል ብሎ የሚሽከረከር ጎማ መምረጥ ምክንያታዊ ነው። የአፈሩ ዓይነትም መታየት አለበት። በክረምት በሚጣበቅ ዋልካ መሬት ላይ ጥርሶቹ ተቀራርበው የተሠሩ ጎማ ጭቃውን ተሸክሞ እንደ ለሰለሰ ኳስ ይሆናል። ጥርሶቹ የተራራቁና ጠበብ ያለ ጎማ ግን ጭቃውን እየጣለ ይሄዳል፤ በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከልም በቂ ክፍተት ይተዋል።

ፍሬን

የሪፓክን ቁልቁለት ችግር በቁጥር መግለጽ ይቻላል። 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰውና ብስክሌት 500 ሜትር ከፍታ ሲወርዱ 440 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሌላ መልክ መለወጥ አለበት። ጉዞው ዝግ ያለ ከሆነ የአየር ግጭት የሚወስደው ጥቂት በመሆኑ አብዛኛው በፍሬን ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ መጠን 1.3 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ለፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ቸርኬን የሚቆነጥጥ ፍሬን በደረቅ ጊዜ በበቂ ሁኔታ ይሠራል፤ ዝናብና ጭቃ ሲያገኘው ግን ይደክማል፤ ጭቃው ከሸራው ጋር እየፈጨ ቸርኬውንም ይበላዋል። የዲስክ ፍሬን የሚቆነጥጠው ከመሬት ራቅ ያለ ዲስክ በመሆኑ በእርጥበት ጊዜ አስተማማኝ ነው። የዲስኩ ስፋት ከ160 ወደ 203 ሚሊ ሜትር ሲያድግ በተመሳሳይ የጣት ጉልበት የሚገኘው የማቆም ኃይል በ27 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሰፊው ዲስክ ሙቀትንም በተሻለ ሁኔታ ያስወጣል። ሆኖም ሰፊ ዲስክ ከመግዛት በፊት የብስክሌቱ ሹካ ምን ያህል ስፋት እንደሚሸከም ማረጋገጥ ግድ ነው።

በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን በአንድ ጣት የሚታዘዝ ቢሆንም ጥገናው ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ በማዕድን ዘይት፣ ሌሎቹ ለመኪና ፍሬን በሚውለው ዓይነት ፈሳሽ ይሠራሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ የውስጥ ላስቲኮቹን ስለሚያበላሽ ፍሬኑ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ትክክለኛው ዘይትና ባለሙያ በማይገኝበት ስፍራ፣ በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ጉልበቱ ቢያንስም የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦ በየትም ይገኛል፣ ማንኛውም መካኒክም ይቀይረዋል። በሁለቱም ዓይነት ላይ የዘይት ጠብታ ዲስኩን ወይም ሸራውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዲስ ሸራ ሲገባም ከትልቅ ቁልቁለት በፊት በዝግታ ሃያ ጊዜ ያህል ፍጥነትን እየቀነሱ ከዲስኩ ጋር ማላመድ ይገባል።

ማርሽ፦ ብዛትና ስፋት

«ባለ 21 ማርሽ» የሚለው ጽሑፍ ገዢን የሚስብ ቢሆንም የሚናገረው ስለ ብዛት እንጂ ስለ ስፋት አይደለም። ስፋት ማለት በቀላሉና በከባዱ ማርሽ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከፊት 28፣ 38 እና 48፣ ከኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያሉት የተለመደ ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ስፋቱ 343 በመቶ ገደማ ነው። ከፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 51 ጥርስ ያለው ባለ 12 ማርሽ ብስክሌት ግን 510 በመቶ ይደርሳል። ማርሹ በብዛት አንሶ በስፋት በልጧል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ዳገት ላይ ጎልቶ ይታያል። በመጀመሪያው ብስክሌት ቀላሉ ማርሽ አንድ የፔዳል ዙር፣ ጎማው 26 ኢንች ከሆነ፣ ወደ 2.07 ሜትር ያስኬዳል። በሁለተኛው፣ ጎማው 29 ኢንች ሆኖ ሳለ እንኳ፣ 1.44 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር የሚረግጥ ሰው 10 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ በመጀመሪያው 180 ዋት፣ በሁለተኛው 125 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። ብዙ ጤነኛ ሰው 125 ዋትን ለረዥም ጊዜ ሊያወጣ ይችላል፤ 180 ዋትን ግን ልምምድ የሌለው ሰው ቶሎ ይደክምበታል።

ለኢትዮጵያ ደጋ ይህ ነጥብ ተጨማሪ ክብደት አለው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በደጋ የሚነዳ ሰው በቆላ ከሚነዳው ይልቅ ቀላል ማርሽ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉውን ሥርዓት መቀየር ውድ ከሆነ፣ የፊቱን ትንሽ ማርሽ ባነሰ ጥርስ ወይም የኋላውን ካሴት በበለጠ ጥርስ መተካት በአነስተኛ ወጪ ብዙ ይጠቅማል። ይህ ሲደረግ የሰንሰለቱ ርዝመትና የማርሽ ቀያሪው አቅም አብረው መታየት አለባቸው።

ፔዳልና ጫማ

ከንክኪ ቦታዎች ሁሉ ብዙ ክርክር የሚነሣበት ይህ ነው። ሁለት ዓይነት ፔዳሎች አሉ። አንደኛው ጠፍጣፋ ሆኖ በላዩ ላይ የጫማ ሶል የሚይዙ ሹል ፒኖች ያሉበት ነው። ሁለተኛው ተቆላፊ ፔዳል ሲሆን፣ በጫማው ሥር የታሰረች ትንሽ ብረት ፔዳሉ ላይ ባለ የሞላ መቆለፊያ ውስጥ ትገባለች፤ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞርም ትለቃለች። ይህ ሐሳብ ከበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የተወሰደ ነው። በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአስፋልት ብስክሌት አቀረበው፤ በርናር ኢኖም በቀጣዩ ዓመት ቱር ደ ፍራንስን በእርሱ አሸነፈ። በ1990 የጃፓኑ ሺማኖ ብረቷን በሶሉ ውስጥ ቀብሮ ለተራራ ብስክሌት አመቻቸው፤ ብስክሌተኛው ወርዶ በድንጋይ ላይ መራመድ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለተቆላፊ ፔዳል በብዛት የሚቀርበው መከራከሪያ «እግር ወደ ላይም ስለሚስብ ጉልበት አይባክንም» የሚል ነው። ምርምር ይህን በሙሉ አይደግፈውም። በ2007 ቶማስ ኮርፍና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ብስክሌተኞች ሆን ብለው ፔዳልን ወደ ላይ ሲስቡ ኃይሉ በዙሩ ላይ ይበልጥ ተስተካክሎ ቢከፋፈልም፣ ሰውነት ለተመሳሳይ ሥራ የሚያወጣው ጉልበት ጨምሮ ተገኝቷል። በ2016 አሸር ስትሮና ሮጀር ክራም በመካከለኛ ጉልበት ሲነዳ የሩጫ ጫማን ከጠፍጣፋ ፔዳል፣ የብስክሌት ጫማን ደግሞ ከተቆላፊ ፔዳል ጋር አነጻጽረው በጉልበት ፍጆታ ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኙም። እግርን ማሰር የሚጠቅመው በአጭርና እጅግ ብርቱ ግልቢያ ላይ፣ እንዲሁም በሻካራ መሬት ላይ እግር ከፔዳል እንዳይዘል በማድረግ ነው።

የውድድር ልምድም ከዚህ ጋር ይስማማል። ረዥም ዳገት በሚበዛበት የኦሎምፒክ ዓይነት ውድድር ተቆላፊው ፔዳል የበላይነት አለው። በቁልቁለት ግን አውስትራሊያዊው ሳም ሂል በጠፍጣፋ ፔዳል በ2006፣ በ2007ና በ2010 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ይበልጣል የሚል ሳይሆን ብስክሌተኛው የት፣ ለምንና በምን ልምድ ይነዳል የሚል ሊሆን ይገባል። እግርን ፈጥኖ መሬት ማስነካት ገና ለሚማር ሰው ጠፍጣፋው ይመረጣል። ጠፍጣፋ ፔዳል ተረከዝን ዝቅ አድርጎ በመርገጥ እንጂ በመጎተት ስለማይታዘዝ ትክክለኛ አነዳድንም ያስተምራል። ወደ ተቆላፊው የሚሻገር ሰው የመቆለፊያውን ሞላ እስከ መጨረሻው አላልቶ፣ በሣር ላይ መግባትና መውጣትን ደጋግሞ ቢለማመድ ይበጃል።

ጫማው ከፔዳሉ ተለይቶ አይመረጥም። ለጠፍጣፋ ፔዳል የሚሆን ጫማ ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ላስቲኩ ለስላሳና የሚይዝ፣ መሐሉ ደግሞ በመጠኑ ጠንካራ መሆን አለበት። በዚህ ረገድ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሌላ ስፖርት ነው። በ1985 በገደል ወጪው ቻርልስ ኮል የተመሠረተው ፋይቭ ቴን ለድንጋይ መውጫ የቀመመው ላስቲክ በኋላ ለብስክሌት ጫማ ዋለ። ለስላሳው ላስቲክ ፒኖቹን በራሱ ውስጥ አስገብቶ ስለሚይዝ እግር ከፔዳል አይንሸራተትም።

የሩጫ ጫማ ለዚህ ሥራ አይስማማም። ሶሉ ወፍራምና እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ በመሆኑ የእግር ጉልበት በከፊል በእርሱ ውስጥ ይጠፋል፤ ሞገደኛው ሥሩ ፒኖቹ የሚይዙትን ስፋት ይቀንሳል፤ የውስጥ እግርም በፔዳሉ ጠርዝ ላይ ይታጠፍና ይታመማል። ልዩ የብስክሌት ጫማ መግዛት ለማይችል ሰው ሶሉ ቀጥ ያለና ቀጭን የሆነ ሸራ ጫማ ከውድ የሩጫ ጫማ የተሻለ ነው። ጉድለቱ ለጣትና ለቁርጭምጭሚት በቂ ከለላ አለመስጠቱ ነው።

ለተቆላፊ ፔዳል የሚሆነው ጫማ ሶሉ ጠንካራ ነው፤ ኃይሉ በትንሿ ብረት ላይ ስለሚያርፍ ለስላሳ ሶል ቢሆን ውስጥ እግርን ያሳምማል። የተራራ ጫማ ብረቷን በሁለት ብሎን የሚያስር ሲሆን፣ የአስፋልቱ ግን በብዛት ሦስት ብሎን ይጠቀማል፤ ሳይጠይቁ የገዙ ሰዎች ጫማና ፔዳላቸው የማይገጥሙት ለዚህ ነው። ብረቷ የምትታሰረው ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእግር እብጠት ትይዩ ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ብረቷ ተጣምማ ከታሰረች በሺህ የሚቆጠረው ዙር ሁሉ ጉልበትን ያጣምማል፤ ከጉዞ በኋላ የሚሰማ የጉልበት ሕመምም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ልኩን በተመለከተ ሁለቱም ዓይነት ጫማዎች በአንድ ሕግ ይገዛሉ፤ ተረከዝ እንዳይነሣ ጠበቅ፣ ጣቶች እንዲንቀሳቀሱ ፊቱ ሰፋ ማለት አለበት። እግር በቀን ውሎ ስለሚያብጥ ጫማን ከሰዓት በኋላ፣ በሚነዱበት ካልሲ መለካት ይመከራል። ዳገቱ ሲከፋ ብስክሌቱን ተሸክሞ መውጣት የተራራ ጉዞ አካል ነውና፣ ከፊትና ከተረከዝ በኩል መሬት የሚነክሱ ጥርሶች ያሉት ሶል ይመረጣል። የጫማ ማሰሪያ በሰንሰለቱ እንዳይያዝ የሚሸፈንበት ወይም የሚሸጎጥበት ቦታ መኖሩም ሊታይ ይገባል።

ፔዳል ሲቀየር አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የግራው ፔዳል የሚታሰረው እንደ ተለመደው ብሎን ሳይሆን በተቃራኒው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ሲል ያጠብቃል፤ ወይም በጉልበት ሲያስገባ የክንዱን ጥርስ ያበላሻል፤ ያን ጊዜ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኘው ፔዳል የውድ ክፍል ጥፋት ያስከትላል።

የብስክሌቱ አካልና አሞርዛተር

እስካሁን የተባለው የብስክሌቱ አካል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የአካሉ ዋነኛ ሚዛን ግን ክብደቱ ሳይሆን ልኩ ነው። ለቁመት የማይመጥን አካል በየትኛውም መለዋወጫ አይስተካከልም። ልኩ ትክክል ከሆነ በኋላ የክብደት ጥቅም በቁጥር ሲመዘን አነስተኛ ነው። ከ90 ኪሎ ግራም ላይ 500 ግራም መቀነስ 0.56 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ ሰዓት ዳገት ላይ 20 ሰከንድ ገደማ ያተርፋል። ለተወዳዳሪ ትልቅ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ሰው ግን በዚያው ገንዘብ ሁለት ጥሩ ጎማዎች መግዛት ይበልጣል።

አሞርዛተርም እንዲሁ በመልኩ አይመረጥም። ለተራራ ብስክሌት በስፋት የታወቀው የፊት አሞርዛተር በ1989 ሮክሾክስ ያቀረበው ነው። እውነተኛ አሞርዛተር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሞላው ወይም አየሩ ግጭቱን ይቀበላል፣ በውስጡ ያለው ዘይት ደግሞ የተጠራቀመውን ጉልበት ቀስ አድርጎ ወደ ሙቀት ይለውጣል። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሞላ ብቻ ስለሆነ የተቀበለውን ግጭት መልሶ ይወረውራል። ከፊትም ከኋላም እንዲህ ያለ ሞላ የተገጠመለት ብስክሌት ዓይን ይማርካል፤ ይሁንና ክብደት ጨምሮ፣ ዳገት ላይ የእግርን ጉልበት ውጦ፣ መታጠፊያዎቹ ላይ ቶሎ ይላላል። ከዚህ ይልቅ የኋላ አሞርዛተር የሌለው፣ ቀለል ያለና ጥሩ ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ይሻላል።

ማጠቃለያ

የቀረበው ትንታኔ ወደ አንድ የወጪ ቅደም ተከተል ያመራል። በመጀመሪያ ለቁመት የሚስማማ አካል ይመረጥ፤ ቀጥሎ ፍሬኑ ያለ ጥርጥር የሚያቆም ይሁን፤ ከዚያ ጎማውና ግፊቱ ለመሬቱ ይስማሙ፤ በአራተኛ ደረጃ ፔዳልና ጫማ እንደ አንድ ዕቃ አብረው ይመረጡ፤ በአምስተኛ ደረጃ ዳገቱን የሚመጥን ቀላል ማርሽ ይኑር። የተሻለ አሞርዛተርና የክብደት ቅነሳ ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዳንዱ፣ እንደ ጎማ ግፊት ማስተካከል፣ የጫማ ብረት ማቃናትና የፍሬን መያዣ ለጣት ማቅረብ ያለው፣ ወጪ የለውም።

በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታዩ ብዙ ብስክሌቶች የተራራ ብስክሌት መልክ ይዘዋል። ብዙዎቹ ወደ እውነተኛው አገልግሎት ሊቀርቡ የሚችሉት አካላቸው ተጥሎ በሌላ ሲተካ ሳይሆን፣ መሬትንና ሰውን የሚነኩት ክፍሎቻቸው በዕውቀት ሲለወጡ ነው። ሱቅ የገባ ገዢ ከመልኩ በፊት ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጥርስ ቢያይ፣ ፍሬኑን ጨምቆ ብስክሌቱን ወደ ፊት ቢገፋ፣ የጫማውንም ሶል በእጁ ቢያጥፍ፣ ዋጋው ከተጻፈበት ወረቀት የማያገኘውን መረጃ ያገኛል።